ነገን የሚጨፍሩ ሰዎችና እኛ

«አፍሮፉቱሪዝም» የሚባለው የጥቁር ሕዝብ የጥበብ መንገድ በመካከላችን ሲነሣ፥ ጓደኞቻችን በሁለት ወገን ሲከፈሉ እናያለን። አንደኛው ወገን እንደ ብር የሚያበራ ልብስ፥ የጠፈር መርከብና የፈርዖን ዘውድ በአንድ መድረክ ላይ ተቀላቅለው ሲያይ ይደነቃል፤ ያጨበጭባል፤ ምን እንዳየ ቢጠየቅ ግን መልስ የለውም። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ሕዝብ እንጀራ ሲቸግረው በከዋክብት መካከል መጨፈር ምን ይረባል?» ብሎ ነገሩን በአንድ ቃል ይዘጋዋል። እንደሚመስለኝ ሁለቱም ወገኖች የሚያዩት ልብሱን ብቻ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ዐይናችንን ከልብሱ አውርደን እግሩን እንድንመለከት ማሳሰብ ነው። የነጻነቱ ጥያቄ ያለው እዚያ ነውና፤ ጥያቄውም እኛን በቀጥታ የሚነካ ነው።

በቅድሚያ ስለ ስሙ ጥቂት ልበል። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) «አፍሮፉቱሪዝም» የሚለውን ቃል በ1993 ያወጣው ማርክ ደሪ የተባለ አሜሪካዊ ሐያሲ ነው። ቃሉ የተፈለገው የጥቁር ሕዝብ ደራስያን፥ ሙዚቀኞችና ሠዓልያን ስለ መጪው ዘመን፥ ስለ መሣሪያና ስለ ጠፈር የሠሩትን ሥራ በአንድነት ለመጥራት ነበር። ከሥሩም አንድ ከባድ ጥያቄ አለ፤ የትናንት መዝገቡን የተነጠቀ ሕዝብ የነገውን መልክ በምን ይሥላል? ስሙ ገና ብዙ ዕድሜ የለውም፤ ሥራው ግን ከስሙ እጅግ ይቀድማል።

«ታዲያ ለምን በጭፈራ? መጽሐፍ አይበቃም ወይ?» የሚል ቢኖር፥ መልሱን በባርነት ሕግ ውስጥ ያገኘዋል። ባሪያ ማለት ገላው የሌላ ሰው ንብረት የሆነ ሰው ነው። መቼ እንደሚነሣ፥ ወዴት እንደሚሄድ፥ ምን ያህል እንደሚሸከም የሚወስንለት ጌታው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ማታ ከሥራ በኋላ ከወገኖቹ ጋር ክብ ሠርቶ ትከሻውንና እግሩን በገዛ ፈቃዱ ሲያንቀሳቅስ፥ ለዚያች ሰዓት ገላው የራሱ ሆነ ማለት ነው። ይህን ጌቶቹም አልሳቱትም።

በ1739 በደቡብ ካሮላይና፥ በስቶኖ ወንዝ አጠገብ ባሮች ዐመፁ። መሣሪያ ይዘው መንገድ ከጀመሩ በኋላ ከበሮ እየመቱና እየጨፈሩ ሌሎች ባሮች እንዲከተሏቸው ጠሩ። ዐመፁ በደም ታፈነ። በሚቀጥለው ዓመት፥ በ1740፥ ቅኝ ገዢዎቹ አዲስ የባሮች ሕግ አወጡ። ሕጉ ባሮች ከበሮና መለከት እንዳይይዙ ከለከለ። ያው ሕግ ባሪያን ጽሕፈት ማስተማርንም ከለከለ። ወንድሞችና እኅቶች፥ ይህን ልብ በሉ፤ ከበሮና ብዕር በአንድ ሕግ፥ በአንድ ቀን ተከለከሉ። ጭፈራን እንደ ተራ መዝናኛ የምንቆጥር እኛ፥ ስለ ጭፈራ ኃይል የዚያን ዘመን ባሪያ ፈንጋይ ያህል እንኳ አላወቅንም ማለት ነው።

ከበሮው ሲነጠቅ ምቱ አልጠፋም። ሰዎቹ ጭናቸውንና ደረታቸውን በመዳፍ እየመቱ፥ ወለሉን በተረከዝ እየደበደቡ የገዛ ገላቸውን ከበሮ አደረጉት። ይህ «ጁባ» ይባላል። በጸሎት ቤት ደግሞ ጭፈራ ኃጢአት ነው ስለ ተባለ፥ «ሪንግ ሻውት» የሚባለውን ሥርዓት ይዘው ኖሩ፤ ክብ ሠርተው፥ እግራቸውን ሳያቆላልፉ፥ መሬት ለመሬት እየጎተቱ እየዞሩ ይዘምራሉ። እግር ካልተቆላለፈ ጭፈራ አይባልም ነበርና በዚህ ብልሃት ጸሎታቸውንም ጭፈራቸውንም አዳኑ። ደብተራው በመቋሚያ፥ በጸናጽልና በከበሮ ሲወርብ እያየ ላደገ የአገራችን ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም። አንዱ ከሌላው ተወለደ ማለቴ አይደለም። ሰው በእግሩም እንደሚጸልይ ለማመን ለእኛ ረጅም ማስረጃ አያስፈልገንም ማለቴ ነው።

እንግዲህ የጥቁር ሕዝብ የዳንስ ቴአትር ስለ ነገ ሲናገር የሚናገረው በዚህ አፍ ነው። መዝገብ ቢቃጠል፥ ስም ቢለወጥ፥ ቋንቋ ቢረሳ፥ እርምጃው ከእናት ወደ ልጅ ተላልፏል። ትናንትን ለማወቅ ሌላ ሰነድ ያልቀረለት ሰው ነገን የሚሠራው በዚህ ሰነድ ነው።

አሁን ደግሞ እኛን በጣም ወደሚያገባን ነገር እንለፍ። በ1913 የአሜሪካ የባሮች ነጻነት ዐዋጅ 50ኛ ዓመት ሲከበር፥ ዊልያም ዱ ቦይስ የተባለው ታላቅ ምሁር በኒው ዮርክ ከተማ አንድ ሰፊ ትርዒት አሳየ። 350 ያህል ሰዎች በሙዚቃ፥ በጭፈራና በሰልፍ ተካፈሉበት። ትርዒቱ ጥቁር ሕዝብ ለዓለም አበረከተው ከተባለው ከብረት ሥራ ጀምሮ፥ በዓባይ ሸለቆ ሥልጣኔና በባርነት መከራ አልፎ እስከ ነጻነት ይደርሳል። በኋላም በ1915 በዋሽንግተን፥ በ1916 በፊላደልፊያ፥ በ1925 በሎስ አንጀለስ ታየ። የዚህ ትርዒት ስም ማን ነበር? «የኢትዮጵያ ኮከብ» ይባል ነበር።

ዱ ቦይስ በዚህ ብቻውን አልነበረም። ፖሊን ሆፕኪንስ የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት ደራሲ በ1902 እና በ1903 በመጽሔት በተከታታይ ባወጣችው ልብ ወለድ፥ ጀግናዋ ከአሜሪካ ተነሥቶ ወደ ሜሮኤ ይሄዳል፤ በዚያም ከዓለም ተሸሽጋ የኖረች፥ ጥንታዊ ጥበቧን የጠበቀች የኢትዮጵያውያን ከተማ ያገኛል። በ2018 በወጣው «ብላክ ፓንተር» በተባለው ፊልም የታየው የተሸሸገ አገር ከዚህ ሐሳብ ጋር ዝምድና እንዳለው ማንም ያየዋል።

ስማችንን ለምን መረጡ? አንደኛ፥ በሚያነቡት መጽሐፍ ቅዱስ «ኢትዮጵያ» የጥቁር ሕዝብ ሁሉ ስም ሆና ስለ ታየቻቸውና በመዝሙረ ዳዊት ስለ እርስዋ የተነገረውን ቃል እንደ ተስፋ ስለ ያዙት ነው። ሁለተኛም፥ በ1896 ዓድዋ ላይ የሆነውን ዓለም ሁሉ ስለ ሰማ ነው። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል። እነዚህ ሰዎች ግን ያላዩትን አገር ናፈቁ፤ በናፍቆታቸውም መድረክ ሠሩበት። እኛ ዛሬ ይህን ስም የምናነሣው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ትናንት ለመናገር ነው። እነርሱ ስለ ነገ ለመናገር ተዋሱት።

ከዚያ ወዲህ የመጡት ሥራዎች ብዙ ናቸው፤ ሦስቱን ብቻ ላንሣ።

ካትሪን ደንሃም ዳንሰኛም የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪም ነበረች። በ1930ዎቹ ዓመታት ወደ ሃይቲ ሄዳ የሕዝቡን ጭፈራ አጠናች፤ ያጠናችውንም ለመድረክ ሥራዋ መሠረት አደረገችው። በ1951 በቺሊ ዋና ከተማ በሳንቲያጎ «ሳውዝላንድ» የተባለ ዳንስ አሳየች። ሥራው በአሜሪካ ደቡብ ጥቁር ሰው ያለ ፍርድ በሕዝብ ዐመፅ ሲገደል ያሳያል። በዚያ የነበሩ የአሜሪካ መንግሥት ሹማምንት እጅግ ተቆጡ። በዚህ ሥራ የጠፈር ልብስም የወደፊት ከተማም የለም። ነገር ግን ገላ በመድረክ ላይ ቆሞ ስለ ፍርድ ሲመሰክር ምን ያህል ኃይል እንዳለው ስለሚያሳይ፥ ከእርስዋ ኋላ ለመጡት መንገድ ጠርጓል።

ሁለተኛው ሰን ራ ነው። በ1914 በአላባማ፥ በበርሚንግሃም ከተማ ሲወለድ ስሙ ኸርማን ብላውንት ነበር። ያን ስም ትቶ የግብፃውያንን የፀሐይ አምላክ ስም ወሰደ፤ ትውልዴ ከሳተርን ነው አለ፤ «አርኬስትራ» ብሎ የሰየመውን ባንድ አቋቋመ። ትርዒቱ ዳንሰኞች፥ ዘማሪዎችና ያሸበረቁ ልብሶች የሞሉበት ነበር። በ1974 በወጣው «ስፔስ ኢዝ ዘ ፕሌስ» በተባለው ፊልም፥ ጥቁር ሕዝብን በሙዚቃ ኃይል ወደ ሌላ ዓለም ለማሻገር ሲጥር ይታያል። ብዙ ሰው በዚህ ይስቃል። ነገር ግን ቀልዱን ትተን እናስብ፤ በዘር ልዩነት ሕግ ሥር በአላባማ የተወለደ ጥቁር ልጅ «የዚህ ምድር ሰው አይደለሁም» ቢል፥ የተናገረው አገሩ በየቀኑ ከሚነግረው ነገር በምን ይለያል? ልዩነቱ እርሱ ቃሉን ከስድብ ወደ ማዕርግ መለወጡ ነው። ባንዱን ደግሞ በየቀኑ፥ ለረጅም ሰዓት ልምምድ ያሠራ ነበር። ሰን ራ በ1993 ከሞተ በኋላም ባንዱ አልተበተነም። የከዋክብቱ ወሬ በዲሲፕሊን ላይ የቆመ ነበር ማለት ነው።

ሦስተኛው ከእኛ ዘመን ነው። ካይል አብርሃም የተባለ አሜሪካዊ የዳንስ ደራሲ በ2021 የሞዛርትን «ሬኩየም» መነሻ አድርጎ አንድ ሥራ አቀረበ። ሬኩየም ለሙታን የሚዜም የቤተ ክርስቲያን ጸሎት ነው። ሙዚቃውን በዘመናዊ መሣሪያ እንደ ገና የሠራችው ጄይሊን የምትባል የኢንዲያና ሴት ናት። ጄይሊን ሙዚቃ እየሠራች ኑሮዋን የምትገፋው በብረት ፋብሪካ ተቀጥራ ነበር። የሙዚቃዋም መሠረት «ፉትወርክ» የሚባለው በቺካጎ ጥቁር ወጣቶች መካከል የተወለደ እጅግ ፈጣን የእግር ጭፈራ ነው። ሥራው ስለ ሞት፥ ስለ ሐዘንና ዳግም ስለ መወለድ ነው። የዱ ቦይስ ትርዒት በብረት ስጦታ እንደ ጀመረ አስታውሱ። ከ1913 ተነሥተን 2021 ስንደርስ እዚህም ብረት፥ እግርና ትንሣኤ እናገኛለን። ደራሲዎቹ ይህን አስበው አልተቀባበሉት ይሆናል፤ እርምጃው ግን አልተቋረጠም።

ከዚህ ተነሥቼ አንድ መለኪያ ለማቅረብ እደፍራለሁ። አፍሮፉቱሪስት ነው የተባለ ዳንስ ስናይ በሐሳባችን ልብሱን እናውልቀው፤ መብራቱንም እናጥፋው። ከዚያ በኋላ የሚቀር እርምጃ አለ ወይ? እርምጃው ከየት እንደ መጣና ወዴት እንደሚሄድ ገላው ያውቃል ወይ? ካወቀ ሥራው ስለ ነጻነት ይናገራል። የብር ቀለም ልብስ ብቻ ከሆነ ግን፥ ሱቅ ውስጥ ተገዝቶ ሱቅ ውስጥ የሚያልቅ ነገ ነው። እንዲህ ያለውም ሥራ ጥቂት አይደለምና፥ ሁለተኛው ወገን ሲነቅፍ ፈጽሞ ያለ ምክንያት አይደለም።

ከአፍሪካም ምሳሌ አለ። ጄርሜን አኮኚ በዳካር ከ1977 እስከ 1982 «ሙድራ አፍሪክ» የተባለውን የዳንስ ትምህርት ቤት መራች፤ በኋላም በሴኔጋል፥ በቱባብ ዲያላው መንደር የራስዋን ትምህርት ቤት አቋቋመች። ከአፍሪካ ጭፈራዎችና ከአውሮፓ ዳንስ አዋሕዳ አዲስ የማስተማሪያ ዘዴ ሠራች፤ ከአያትዋ የወረሰችውንም አልጣለችም። በ2021 በቬኒስ ቢየናሌ ለዕድሜ ልክ ሥራዋ የወርቅ አንበሳ ተሸለመች። አኮኚ ጠፈር አላስፈለጋትም። የመጪው ዘመን አፍሪካዊ ገላ በትምህርትና በልምምድ ሊሠራ እንደሚችል ግን አሳይታለች።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። የባህል ምሽት ሲዘጋጅ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። መድረክ መሪው የአንድ ብሔረሰብ ስም ይጠራል፤ ጨፋሪዎች ለዚያ የተሰፋውን ልብስ ለብሰው ይወጣሉ፤ ጥቂት ደቂቃ ጨፍረው ይወርዳሉ። ቀጥሎ ሌላ ስም፥ ሌላ ልብስ። የወሎው እስክስታ፥ የጉራጌው የእግር ፍጥነት፥ የኦሮሞው ረገዳ፥ የትግራዩ የዙሪያ ጭፈራ በየተራ ያልፋሉ። ይህን ማቃለል አይገባም። ትናንት ስሙ በመድረክ የማይጠራ ሕዝብ ዛሬ ተጠርቶ በራሱ እርምጃ መቆሙ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን እዚያው ላይ ቆመናል። ጭፈራዎቹ ጎን ለጎን ያልፋሉ እንጂ አይነጋገሩም። አንዱ የሌላውን እርምጃ አይጠይቅም፤ አይማርምም። እናትዋ ከጅማ፥ አባትዋ ከመቐለ የሆኑ፥ ራስዋ አዲስ አበባ የተወለደች ተማሪ በየትኛው ስም ስትጠራ ትውጣ? መድረኩ ለእርስዋ ስፍራ የለውም፤ ወይም ከገላዋ ግማሹን ከመጋረጃው ኋላ ትታ እንድትወጣ ያስገድዳታል።

ይህ የመድረክ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ባልጻፍሁ ነበር። በ2019 መጨረሻ በአንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች በብሔር ስም በተነሣ ግጭት ተማሪዎች ሞተዋል፤ ብዙዎችም ትምህርታቸውን አቋርጠው ወደየቤታቸው ተመልሰዋል። በአንድ የባህል ምሽት ተራ በተራ የተጨበጨበላቸው እርምጃዎች ያን ጊዜ ማንንም አላስታረቁም። በእርግጥ ጭፈራ ግጭትን ያስቆማል የሚል ተስፋ የለኝም። ነገር ግን አብሮ ነገን ያላሰበ ትውልድ፥ ሲጣላ የሚመዘው የትናንትን ብቻ ነው። ማንነት የተሰፋ ልብስ ከሆነ የሚቀረን እርሱን መልበስ ወይም መቅደድ ነው። ማንነት እርምጃ ከሆነ ግን ይወረሳል፥ ይለመዳል፥ ይለወጣል፥ ለሌላም ይሰጣል።

«ይህስ ባህልን ማበላሸት ነው» የሚሉ መምህራንና ጓደኞች ይኖራሉ። ስጋታቸው ክብር ይገባዋል። ነገር ግን በዩኒቨርሲቲ ቅጥር የተሠራ አንድ ምሳሌ ላስታውስ። በ1963 ግብፅ የተወለደው የሙዚቃ ደራሲ ሀሊም ኤል ዳብ በአዲስ አበባ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ሲያቋቁም፥ ክራሩን፥ መሰንቆውን፥ ዋሽንቱንና ሌሎቹንም ከየአገሩ አምጥቶ በአንድ መድረክ እንዲጫወቱ አደረገ። መሰንቆ በዚህ ምክንያት መሰንቆነቱን አላጣም። በዳንስም ቢሆን በረኻ ላይ አይደለንም። ጁነይድ ጀማል ሰንዲ የተባለው የአገራችን ዳንሰኛ በአዲስ አበባ ከሚገኙ ችግረኛ ወጣቶች መካከል በ1990ዎቹ ከተነሣው ከአዱኛ የዳንስ ቡድን ወጥቶ፥ በ2004 ሳቡሮ ቴሺጋዋራ ከተባለው ጃፓናዊ የዳንስ ሊቅ ጋር እንዲሠራ ተመርጧል።

ስለ እንጀራው ጥያቄም አንድ ቃል ልበል። በስቶኖ የከበሮ ድምፅ የተሰማው ሆድ ስለ ጠገበ አልነበረም። ሪንግ ሻውት የተዞረው በተራቡ እግሮች ነው። ችግር ነገን ለማሰብ የሚከለክል ቢሆን ኖሮ፥ ባሪያ ስለ ነጻነት ከቶ ባልዘፈነ ነበር። እንዲያውም ሰው ምን እንደሚጎድለው የሚያውቀው ሌላ ኑሮ ሊኖር እንደሚችል በሐሳቡ ሲያይ ነው።

ስለዚህ ለኅብረታችን የባህል ክፍል የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በሚመጣው የባህል ምሽት የተለመደው ሁሉ ይቅረብ፤ ከመካከሉ ግን 15 ደቂቃ ለአንድ አዲስ ሥራ ይለቀቅ። ሥራውን ከተለያየ አገርና ከተለያየ የትምህርት ክፍል የመጡ ተማሪዎች በጋራ ያዘጋጁት። እያንዳንዱ ከቤቱ ያመጣውን አንድ እርምጃ ለሌላው ያስተምር፤ በመድረክም የራሱን ሳይሆን የተማረውን ይጨፍር። ርእሱ «ከ50 ዓመት በኋላ ማን እንሆናለን?» የሚል ይሁን። ልብሳቸው በየቀኑ ወደ ክፍል የሚገቡበት ልብስ ይሁን፤ የብር ቀለምም የተለየ ጥልፍም አይኑርበት። ከዚያ በኋላ የቴአትር፥ የታሪክና የምሕንድስና መምህራኖቻችን ባሉበት እንወያይበት፤ ነቀፌታውም ይምጣ።

ጥቁር ሕዝብ ከአትላንቲክ ማዶ የኢትዮጵያን ስም ተውሶ ያላየውን ነገ ጨፈረበት። ስሙ ከእኛ ጋር ነው፤ እግሩም አለን። የሚያስፈልገን ልምምድ ነው፤ አዳራሹም ማታ ማታ ባዶ ነው።